የድሮ ፎንት፣ የዲኤንኤ ሰንጠረዥና የወሎ በቅሎ

ደሴ ላይ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ፋይል፣ ፎንቱ የሌለበት የኮምቦልቻ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ፊደሎቹ የተቀመጡባቸው ቁጥሮች ያው ናቸው፤ የሚፈታቸው ሰንጠረዥ ነው የተለየው።

ዲኤንኤም ሰንጠረዥ አለው። ፊደሎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይነበባሉ፤ 64ቱ ጥምረቶች የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን 20 አሚኖ አሲዶችንና «አቁም» የሚለውን ምልክት ይወክላሉ። ሰንጠረዡ ከባክቴሪያ እስከ ሰው አንድ ነው ማለት ስለሚቻል፣ የሰው ጂን የገባበት ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን ይሠራል፤ መድኃኒቱ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ አግኝቷል።

እኔን የሚገርመኝ ሰንጠረዡ የተለወጠበት ቦታ ነው። ዩጂኤ የሚባለው ጥምረት በኒውክሊየስ (በሕዋሱ እምብርት) ጂኖች «አቁም» ማለት ሲሆን፣ የራሱ ዲኤንኤ ባለው የሕዋስ ኃይል አመንጪ፣ በሚቶኮንድሪያችን ግን ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያስገባል። የሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 13 ፕሮቲን ብቻ ስለሚያሠራ ለውጡ የሚነካው ጥቂት ነው። ኒውክሊየስ ውስጥ ቢሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ባንዴ ይዛቡ ነበር። የድሮ ፎንቶችም የበዙት በዚሁ መንገድ ይመስለኛል፦ ተየቢውም አታሚውም አንድ ክፍል ውስጥ እያሉ፣ ፎንት ሠሪው የራሱን ሰንጠረዥ ቢያወጣ የሚቸገር አልነበረም። ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ ሰንጠረዥ የሆነው ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ግዕዝን ሲያስገባ «ሀ» 4608ኛውን ቦታ ያዘ፤ በደንቡ መሠረት ከዚያ አይነቃነቅም።

በድሮ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ አምሮ መታተሙ አያታልላችሁ። እንደ ወሎ ደጋ በቅሎ ነው፤ ጭነቱን ያደርሳል፣ ዘር ግን አይተካም። የፈረስ 64 እና የአህያ 62 ክሮሞሶም (የዲኤንኤ ጥቅል) በበቅሎ ላይ 63 ስለሚሆን፣ የዘር ሕዋስ ሲሠራ ጥንድ ጥንድ መግጠም ያቅተዋል። ከፒዲኤፉም ኮፒ ስታደርጉ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ነው፤ በቃል ብትፈልጉትም አይገኝም።

ለማዳን መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት መቀየር አይጠቅምም፤ መቀየር ያለበት ቁጥሩ ነው። ጽሑፉ ላይ ሆናችሁ የፎንቱን ስም እዩና ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ቀይሩ። አስቀድማችሁ ወደ ተራ ቴክስት እንዳታወጡት፦ የፎንቱ ስም ከጠፋ መቀየሪያው መሃል ላይ ያለውን እንግሊዝኛም አማርኛ ነው ብሎ ያበላሸዋል።

ባለ 8 ቢት ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፤ ዩኒኮድ በ1999 ያስገባው የግዕዝ ምልክት ግን 345 ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል፣ አንዳንዱም ገላውንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ይደርበዋል። ከቀየራችሁ በኋላ «ሏ»ን፣ «ቷ»ን፣ «ጓ»ን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው። የዩኒኮድ ቁጥሮችን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 ስታስቀምጡት «ሀ» ሦስት ባይት ይሆናል፦ 225፣ 136፣ 128።