በአዲስ አበባ መናፈሻዎች ውስጥ ሜትር መዘርጋት ለሚያስብ የግቢ ዲዛይነር

የአንድ መኖሪያ መንደር ግቢ እንድነድፍ ሥራ ስረከብ ሐሳብ የቃረምኩት ከውጭ አገር ፎቶግራፎች ሳይሆን ከአዲስ አበባ መናፈሻዎችና መታሰቢያዎች ነው፤ በዚህም እኮራለሁ። ለዚህ መታወቂያ፣ የመግቢያ ገንዘብና ጥሩ ጫማ ይበቃል።

ያስቸገረኝ ሜትሩ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መናፈሻ የደረጃውን ቁመትና የመርገጫውን ስፋት ለመለካት ጎንበስ ስል ጥበቃው መጥቶ «ጋሼ፣ በሜትር አይቻልም» አለኝ። አጠገባችን ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው በዚያው ደረጃ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። «የኔ ልጅ፣ ደረጃው ምስጢር አለው?» ብዬ ብጠይቀው «ደብዳቤ ያምጡ» ብሎ ዘጋው። ደብዳቤ ሳመጣ ማህተም እንጂ ቲተር የለውም ተባልኩ። ቲተሩ ሲሟላ «ለሚመለከተው ሁሉ» መባሉ ቀርቶ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፍ አሉ። ተስተካክሎ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ የሚመሩት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ የተመራው እዚያው በር ላይ ወዳለው የጥበቃ ክፍል ሲሆን፣ አለቃው ወረቀቱን አገላብጠው «ይህ ስለ ጉብኝት ይላል እንጂ ስለ መለካት አይልም» አሉኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ደብዳቤ አምጡ ቢሏችሁም አትልፉ። የእርምጃችሁንና የጫማችሁን ልክ ቤታችሁ ለክታችሁ ያዙ፤ የሚራመድ ሰው ማንም አያስቆምም። እኔ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ሁሉ የለካሁት በጫማዬ ነው።

ትግላችን ሐውልት ሄዳችሁ ሽቅብ ብቻ አትመልከቱ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ባለቅርጽ ግድግዳዎች ዓምዱን አቅፈው ሜዳውን እንዴት ግቢ እንዳደረጉት አስተውሉ። በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የ1929 ዓ.ም. ሰማዕታትን በነሐስ የቀረጹባቸው ምስሎች በቅርብ መታየት አለባቸው፤ መኪና በዙሪያቸው ሲሽከረከር ግን ቆሞ ማሰብ ይከብዳል። መታሰቢያ በአደባባይ መካከል አይተከል የሚለውን አቋሜን የያዝኩት እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ደረቅ ቅጠል ብቻ ተሸክሞ ሲታይ፣ ባሕር ዛፉ ተነሥቶ አገር በቀል ዛፍ በተተካበት ግን ሣሩም ቁጥቋጦውም ይመለሳል። አስጎብኚዎች ከመስከረም በኋላ ሂዱ ይላሉ፤ ለጎብኚ እውነት ነው፣ ለእኛ ሙያ ግን ሐምሌ ይሻላል። በጋ ላይ ሁሉም መናፈሻ ያምራል፤ ጎርፉ የትኛውን መንገድ ቦርቡሮ እንደሚሄድ፣ የትኛው ቦይ በቅጠል ተደፍኖ ውኃውን ወደ መቀመጫው እንደሚመልስ የሚታየው ዝናብ ላይ ነው። እኔም በነደፍኩት ግቢ አስቀድሜ ያሰመርኩት የውኃውን መውረጃ ሲሆን፣ ወይራዎቹ የተተከሉት እሱን ተከትለው ነው።