ስንሄድ 17፣ ስንመጣ 13

ከማለዳ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። እማዬ ትናንት በስልክ «መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው፤ ስትሄጂ ለምን ይረዝማል ልጄ?» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል።

እውነቷን ነው፣ መንገዱ አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሉል ላይ ክር ብንወጥር ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በሰሜን አልጄሪያና በደቡብ ስፔን አልፎ ከሊዝበን ትንሽ ወደ ሰሜን አትላንቲክን ይገባል። ከዋሽንግተን ሲመጡ በቀጥታ 13 ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ሲሄዱ ግን በአየርላንዷ ደብሊን በኩል ከሆነ 8 ሰዓት ተበሮ፣ አንድ ሰዓት ያህል ለነዳጅ ተቆሞ፣ እንደገና 8 ሰዓት ይበረራል።

ሰው ሁሉ «ዞሮ ስለሚሄድ ነው» ይላል። አይደለም። አዲስ አበባ–ደብሊን 6,360፣ ደብሊን–ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢደመር ከቀጥታው የሚበልጠው በ300 ያህል ብቻ ነው። ንፋሱ ግን ትልቅ ድርሻ አለው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል።

አውሮፕላኑን መንገድ ላይ የሚያስቆመው ዋናው ነገር ደግሞ የቦሌ ከፍታ ነው። 2,330 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን እንደልብ ስለማያነሣው አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩም የሚስበው ያንኑ ስስ አየር ነውና ጉልበቱ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ጎማውም የፍጥነት ልክ አለው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ትንሽ ያወፍረዋል፤ የቀትር ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ያሳሳዋል። እንግዲህ የቀረው ክብደት መቀነስ ነው።

ምን ይቀነስ? የቦይንጉ ድሪምላይነር 787-9 አውሮፕላን ቢበዛ 254 ቶን ሆኖ እንዲነሣ የተሠራ ነው፤ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ቶን ነዳጅ ይበላል። ለ13 ሰዓት 70 ቶን ማለት ነው፤ ፊት ለፊት ንፋስ ሲኖር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ዳለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ይህን ሁሉ ሞልቶ መነሣት ይቻላል። ቦሌ ላይ ግን ወይ ሰው ይቀራል፣ ወይ ጭነት፣ ወይ ነዳጅ። ነዳጁ ይጎድልና መንገድ ላይ ይሞላል።

ሻንጣውን አስቡት። በርበሬው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሽሮው ከሥሩ፣ በሶው በጎን ተጠቅጥቆ፣ ሚዛን ላይ 23 ኪሎ እስኪሞላ ይጨመራል፤ አንዳንዴም ሚዛኑ አልፎ አንድ ኪሎ ቆሎ ተመልሶ ይወጣል። 300 መንገደኛ ሁለት ሁለት ሻንጣ ቢይዝ 13.8 ቶን ይመጣል። የሁለት ሰዓት ተኩል ነዳጅ ነው ይሄ! ከባዱን የምንጭነው አየሩ ከሚሳሳበት ቦታ ተነሥተን ነው። የእናት ስንቅ ደግሞ እንዴት ይቀነሳል?

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የተወጠነው አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየሩ በ4 በመቶ ገደማ ይወፍራል ማለት ነው። ይህ ስንት ተጨማሪ ቶን ነዳጅ ያስነሣ ይሆን? በፈረንጆቹ ክረምት የፊት ለፊት ንፋስ፣ ሻንጣውም ሰውም ሳይቀነስ፣ ዋሽንግተን በአንድ ትንፋሽ ያደርሳል?