የቸኮለ ፍቅር ለድንጉጥ ውሻ አይሆንም

የውሻ ፎቶ ለጥፌ «ቤት ትፈልጋለች» ስል የመጀመሪያው መልእክት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ውይ ስታሳዝን! በቃ እኔ እወስዳታለሁ፣ በፍቅር ነው የማሳድጋት።» ደግ ሰው እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ትንሽዬ፣ ድንጉጥ፣ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር መሬት ላይ የምትለጠፍ ውሻ ይዤ ቤት ስፈልግላት ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ይሄን ሰው ነው። ፍቅሩን ዛሬውኑ መስጠት ይፈልጋል፤ ዛሬውኑ እንዲመለስለትም ይጠብቃል። ድንጉጥ ውሻ ደግሞ የማትችለው ይሄንኑ ነው።

ሰሞኑን ቤት ያገኘችው ሚጣ እኔ ጋ የቆየችው ቋሚ አሳዳጊ እስኪገኝላት ነበር። 5 ኪሎ አትሞላም። በር ሲንኳኳ ሶፋ ሥር ትገባለች። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ትርበተበታለች። ተቀምጦ ያልፈራችውን ሰው ብድግ ሲል እንደ አዲስ ትፈራዋለች። ያያት ሰው ሁሉ «ተደብድባ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሊሆን ይችላል። ግን አንድም ቀን ያልተመታ ውሻም ፈሪ ይሆናል። ቡችላ ዓለምን የሚለማመደው በግምት ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ሰው፣ ብዙ ድምፅ፣ ደረጃ፣ መኪና ያላየ ቡችላ ካደገ በኋላ ሁሉም ነገር እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ፈሪነት በዘርም ይመጣል። ይሄን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? «ተበድላለች፣ ፍቅር ካገኘች ትድናለች» የሚል ሰው የመዳኛዋን ቀን በሆዱ ቆርጦ ነው የሚመጣው። ቀኑ ሲያልፍ እሱ ይከፋዋል፣ እሷ ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ታውቅበታለች።

ትንሽ መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ትልቅ ውሻ ሲያጉረመርም ሰው ወደ ኋላ ይላል። ሚጣ ስታጉረመርም ግን «ኧረ ጀግና!» ብለው ይስቁና ከመሬት ብድግ አድርገው ያቅፏታል። እስቲ አስቡት፣ «ተዉኝ» ስትሉ የሚያነሳችሁ ሰው። ከማጉረምረሟ በፊት እኮ ብዙ ተናግራለች። ፊቷን አዙራለች፣ የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈሯን ልሳለች፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አዛግታለች፣ የዓይኗ ነጭ እስኪታይ በጎን አይታለች፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ደርቃ ቀርታለች። ይሄን ሁሉ ያላየ ሰው ማጉረምረሟንም ከቀጣት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያውን ትታ ቀጥታ ትነክሳለች። ከዚያ «ያለ ምንም ምክንያት ነከሰችኝ» ተብሎ ውሻዋ ትመለሳለች።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስጽፍ ጉዷን ሁሉ እጽፋለሁ። «ትንሽ ዓይናፋር ናት» የሚባለውን አልወደውም፣ ማንንም አያስጠነቅቅም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ እንግዳ ሲመጣ ትደበቃለች፣ ለወራት ላታስነካችሁ ትችላለች፣ ስትደነግጥ ቤት ውስጥ ትሸናለች፣ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አይሆናትም። ጓደኞቼ «እንዲህ ከጻፍሽ ማን ይወስዳታል?» ይሉኛል። እኔ እኮ ብዙ ሰው እንዲደውል አልፈልግም። አንድ ትክክለኛ ሰው ነው የምፈልገው፣ ሌላው እቤቱ ሆኖ አንብቦ ቢተወው ለሁላችንም ጊዜ ይቆጥባል።

ለደወሉት ደግሞ የምጠይቀው ጥያቄ ብዙ አይደለም። ቀናችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስላል? ቤታችሁ ስንት ሰው ይገባል፣ ይወጣል? ከሁሉ የምወደው ግን ይሄ ነው፦ ከሦስት ወር በኋላም ሶፋ ሥር ብትሆንስ? እዚህ ላይ ሰው ይለያል። «አይ፣ እኔ ጋ እንደዚያ አትሆንም፣ ውሾች ይወዱኛል» ያለኝን አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ። «ታዲያ ምን ይደረጋል፣ ምግቧን እዚያው ማስጠጋት ነው» ያለኝን ስሙን ጽፌ እይዛለሁ።

«ሰፊ ግቢ አለን» የሚለውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ ነጥብ አያስገኝም። ድንጉጥ ውሻ አዲስ ቤት በገባችበት ሰሞን ግቢ ማለት ማምለጫ ነው። በሩን አንድ ሰው ለአንድ አፍታ ክፍት ይተወዋል፣ ወይ አጥሩ ሥር ማንም ልብ ያላላት ቀዳዳ ትኖራለች፣ 5 ኪሎ የማትሞላ ውሻ ለማሾለክ ቀዳዳዋ ብዙ መስፋት አያስፈልጋትም። ፈርታ የጠፋች ውሻ ደግሞ ሲጠሯት አትመጣም። እንዲያውም የሚያሳድዳት ሰው የገዛ ባለቤቷም ቢሆን ትሸሸዋለች። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ፣ ጸጥ ያለች ቤት፣ በገመድ ታስራ የምትወጣበት፣ ለሚጣ ከሰፊ ግቢ ትሻላታለች።

ልጆችን በተመለከተ ሰው ይቀየመኛል። ትንንሽ ልጆች ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ የወደዱትን ያቅፋሉ፤ ልጅ ናቸውና ጥፋት የለባቸውም። ውሻዋም ጥፋት የለባትም። አንድ ላይ ማድረጉ ነው ጥፋቱ። የተረጋጋ የ12 ዓመት ልጅ ግን ከብዙ አዋቂ ይሻላል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ውሻ መኖሩን በተመለከተ እንደ ውሻው ነው። ሰው የለመደ፣ ረጋ ያለ፣ ጎልማሳ ውሻ ካለ ፈሪዋ እሱን እያየች ትማራለች፣ እሱ ያልደነገጠበትን ድምፅ እሷም ቀስ በቀስ ትለምደዋለች። ቀኑን ሙሉ «እንጫወት» እያለ የሚዘልባት ቡችላ ካለ ግን ይቅር።

ሊያያት ለሚመጣ ሰው በር ላይ ነው የምነግረው። አትመልከቷት፣ አትጥሯት፣ እጃችሁን አትዘርጉላት። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ ከእኔ ጋር አውሩ። የዶሮ ቁራጭ እሰጣቸውና ወደ ራሳቸው አቅጣጫ ሳይሆን ከእሷ ጀርባ እንዲወረውሩት እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ምክንያት ግን አለው። በእጅ የተያዘ ምግብ ድፍረቷ ከሚፈቅደው በላይ ያስጠጋታል፤ ምግቡ እንዳለቀ ቀና ስትል አጠገቧ ሰው አለ፣ ትደነግጣለች። ከጀርባዋ ሲወረወር ግን ምግቡንም ርቀቱንም ታገኛለች፣ ከዚያ በራሷ ፈቃድ ትመለሳለች። በዚህ መሃል እኔ ውሻዋን ሳይሆን ሰውየውን ነው የማየው። ችላ መባል የሚያስጨንቀው ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያስታውቃል፤ ያፏጫል፣ «ነይ፣ ነይ» ይላል፣ በመጨረሻም «ትንሽ ብቻ ልንካት» ይላል።

አንድ በጣም ደስ የሚሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁሉን ነገር አንብበው መጥተዋል፣ አልቸኮሉም፣ በደንብ ተቀምጠዋል። ግን ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው በጓደኛ ይሞላል፣ ራሳቸውም አልደበቁኝም። ለሚጣ አይሆንም አልኳቸው፣ ትንሽ ከፋቸው፣ በኋላ ግን ሰው የሚወድ ቀውጢ ቡችላ ወሰዱ። አሁን ጓደኞቻቸው ለእነሱ ይሁን ለውሻው እንደሚመጡ አይታወቅም።

ሚጣን የወሰዷት ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሲደውሉ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ስለሞተባቸው ውሻ አወሩኝ፣ ሚጣ ወጥታ ጫማቸውን ስታሸት ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም፣ ወደ ታችም አላዩም። እኔ ነበርኩ ወንበሬ ላይ የተቁነጠነጥኩት። ከዚያ «ስንት ሰዓት ነው የምትበላው? ማታ መብራት ይጥፋላት ወይስ ይብራላት?» ብለው ጠየቁኝ። ከእሳቸው በፊት ይሄን የጠየቀኝ የለም። ቀናቸው በየቀኑ ተመሳሳይ ነው፤ ሌላ ሰው «ይሰለቻል» የሚለው ዓይነት። ለፈሪ ውሻ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜያቸውን አስቤ እንዴት ብዬ ልጠይቅ እያልኩ ስጨነቅ ራሳቸው ቀደሙኝ፦ «ብታመም ልጄ ትወስዳታለች፣ ተነጋግረናል።»

እንዲሁ ይዘዋት አልሄዱም፣ ደጋግመው መጡ። ከመሄዷ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥርሷንና ጉልበቷን በደንብ አየላት። ትንንሽ ውሾች በሁለቱ ብዙ ይቸገራሉ፣ ሕመም ደግሞ ፈሪውን የባሰ ፈሪ ያደርገዋል። ፍርሃቱ በጣም የጠናበት ውሻ ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒትም አለ፣ መስጠቱ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የአንገት ማሰሪያ ብቻውን ለእንዲህ ዓይነት ውሻ አልሰጥም። የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ደካማ ስለሚሆን መጎተት ይጎዳዋል፣ የደነገጠች ውሻ ደግሞ ወደ ኋላ እየሄደች ጭንቅላቷን አሾልካ ትወጣለች። ስለዚህ ልኳ የሆነ የደረት ማሰሪያ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ሁለት ገመድ፣ አንዱ ከአንገቷ አንዱ ከደረቷ። ብርድ ልብሷን ሳላጥብ ሰጠኋቸው፣ የምታውቀው ሽታ አብሯት እንዲሄድ። ምግቧም ለጊዜው ያው የለመደችው ይሁን አልኩ። ገላ ማጠብ የለም፣ «ኑና እዩልኝ» የለም። ስትፈራና ወደ እናንተ ስትጠጋ ማጽናናት ችግር የለውም፤ «ካባበልሻት ይብስባታል» የሚሉትን አትስሙ፣ ፍርሃት ስሜት ነው፣ ስላባበሉት አይበረታም።

ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚሉት መለኪያ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ ይገባታል፣ በሳምንታቱ የቤቱን ሥርዓት ታውቃለች፣ በወራቱ ቤቴ ማለት ትጀምራለች። ጥሩ ግምት ነው። እንደ ሚጣ ላለችው ግን እኔ ቁጥሩን አላምነውም፣ ረዘም አድርጋችሁ ያዙት።

በጽሑፍ የተስማማነው አንድ ነገር ካልሆነ ለሌላ ሰው እንዳይሰጧት፣ ለእኔ እንዲመልሷት ነው። በየትኛውም ሰዓት፣ ያለ ወቀሳ። ሰው ይሄን ካወቀ ችግር ሲጀምር ይደውላል፣ ካላወቀ ግን አፍሮ ይደብቃል። የሚጣ ሰው በየሳምንቱ ይደውላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ወሬያቸው «ያው ናት» ብቻ ነበር፣ ቅሬታ ግን አልሰማሁባቸውም። አሁን ኩሽና ድረስ ትከተላቸዋለች፣ ሰው ሲመጣ ግን አሁንም ሶፋ ሥር ናት። የማይክሮቺፗ፣ ማለትም ለመለያ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረችው ትንሽዬ ቺፕ፣ ነገር ቀርቶን ነበር። ብዙ ሰው ቺፑ ውሻዋ ያለችበትን ቦታ የሚጠቁም ይመስለዋል። ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከቁጥሩ ጋር የተመዘገበው ስልክ ካልተቀየረ የተገኘች ውሻ የሚደወልላት ለድሮው ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት አብረን አስቀየርነው። አንደኛው ስልክ የእሳቸው፣ ሁለተኛው የልጃቸው፣ ሦስተኛ ቦታ ስላለው የእኔንም ተውኩት።