ጅማ ላይ ዲሽ ስታስተካክሉ የኤልኤንቢውን ጥምዘዛ እንዳትዘሉት

ሰላም ጓዶች፣ ዲሽ ማስተካከል ልማር ብዬ ስነሳ ብዙ ሰው ስላገዘኝ እኔም በተራዬ እዚህ ጅማ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ኤልኤንቢ የምለው ከዲሹ ፊት ክንዱ ጫፍ ላይ የታሰረችውን፣ ኬብል የሚገባባትን ሲግናል ተቀባይ ነው። አሁን ሰፈር ውስጥ ነፋስ ዲሽ ካዞረ የምጠራው እኔ ነኝ፣ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ስራው ራሱ ደስ ይላል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ያዙ። ኢትዮሳት ያለበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ምስራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከጅማ ሲታይ ከሰሜን ተነስታችሁ በቀኝ በኩል 110 ዲግሪ፣ ማለትም ከምስራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ ከፍታው (ከአድማስ ወደ ላይ) ደግሞ ወደ 65 ዲግሪ። አዲስ አበባ ያለ ወንድማችሁ በስልክ 115 በል ቢላችሁ እሱ ለራሱ ልክ ነው ግን እኛ ጋ አይሰራም፣ ምክንያቱም 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ አምስት ዲግሪ ከሳታችሁ ባዶ ሰማይ ነው የምታዩት። ከተማ መሃል ላላችሁ ደግሞ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት በሰሜን ምስራቅ ስለሆነ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ከዛ ብዙ ወደ ቀኝ መዞር ነው። ለናይልሳት የተተከለ የድሮ ዲሽ ከሆነ ጭራሽ ጀርባውን ነው የሰጠው፣ እሱ ወደ ምዕራብ 262 ላይ ነው፣ ከፍታውም 39።

የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ እንዳታምኑት፣ ቆርቆሮውም የዲሹ ብረትም ያዛባዋል። ግቢ መሃል ከብረት ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ኮምፓሱ ላይ ትሩ ኖርዝ (ትክክለኛው ሰሜን) የሚለውን አብርታችሁ 110 ላይ ያለ አንድ ዛፍ ወይ ምሰሶ ምልክት ያዙ፣ ከዛ ወደ ዲሹ ሄዳችሁ በዛ አቅጣጫ አዙሩት። ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ሳታዩ ምንም አትጀምሩ፣ ምሰሶው ካዘነበለ የከፍታው ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ከፍታው ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፣ እኛ የምንጠቀመው ዲሽ ኤልኤንቢው ከታች በኩል ብቅ ያለለት ስለሆነ ፊቱን ስታዩት 65 ዲግሪ የሚያይ አይመስልም፣ ወደ 40 ያህል ብቻ ወደ ኋላ የተኛ ነው የሚመስለው፣ አትደንግጡ፣ ከጀርባው ያለውን ስኬል ተከተሉ። ሳተላይቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የጎረቤት ፎቅ ብዙም አይጋርደውም፣ የሚያስቸግረው በላያችሁ ያለ የአቮካዶ ወይ የማንጎ ቅርንጫፍ ነው።

ይሄን ለማወቅ አንድ ቆንጆ ዘዴ አለ። በመስቀል ሰሞንና መጋቢት 8 አካባቢ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ልክ ሳተላይቱ ያለበት ጋ ትቆማለች። በዛ ሰዓት ዲሹ ላይ የቅርንጫፍ ጥላ ካረፈ ሲግናሉም ተጋርዷል ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ በነዛ ቀናት በዛ ሰዓት ስዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥ ዲሹን እንዳትነኩት፣ ፀሐይዋ ከጀርባ ሆና ሲግናሉን ስለምትረብሸው ነው፣ ራሱ ይመለሳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሰው ሁሉ ዲሹን ግራ ቀኝ ሲያዞር ይውላል፣ ታች ቲቪው ጋ ያለው ልጅ "አልመጣም! አልመጣም!" እያለ ይጮሃል፣ ኤልኤንቢውን ግን እንደተገዛ ዜሮው ላይ አስሮ ትቶታል። እኛ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ነን፣ 7.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ሳተላይቱ ደግሞ ከኛ 20 ዲግሪ ወደ ምስራቅ ነው፣ ስለዚህ ከሳተላይቱ ሆሪዞንታል (አግድም) ሆኖ የተነሳው ሲግናል ጅማ ሲደርስ ቆሞ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። መጠምዘዣው ወደ 69 ዲግሪ ነው የሚወጣው! ኤልኤንቢው ዜሮ ላይ ከሆነ ከሚመጣው ጉልበት ስምንተኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ዲሹ በትክክል ሳተላይቱን እያየ እንኳ ሪሲቨሩ ላይ ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) ዜሮ ሊል ይችላል፣ ከዛ ሰውየው አቅጣጫው ነው ብሎ ያገኘውን ትቶ ይሄዳል።

ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሰማይ እያያችሁ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አዙሩት፣ ኬብሉ የሚገባበት አፍ ወደ ደቡብ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ። አፉ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበሉ ለኛ ዝናብም ጥሩ ነው፣ ውሃ አይገባበትም። ይሄን ዲሹን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት አድርጉት።

ከዛ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ኤች (ሆሪዞንታል)፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡ፣ ኤልኤንቢ ታይፕ ዩኒቨርሳል 9750/10600። ስትሬንግዝ (የሲግናል ጉልበት) የሚለውን እርሱት፣ ኤልኤንቢው ኬብል ላይ ስለተሰካ ብቻ ከፍ ይላል፣ የሚታየው ኳሊቲ ነው። ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ዳሩን ይዛችሁ በቀስታ ግፉት፣ የዲሹ ዳር 8 ሚሊ ሜትር ሲሄድ አንድ ዲግሪ ነው፣ ሪሲቨሩም ቶሎ አይመልስም፣ ገፋ አድርጋችሁ ጠብቁ። ካልመጣ ከፍታውን በአንድ ዲግሪ ቀይራችሁ እንደገና ከዳር እስከ ዳር በቀስታ አዙሩት።

ኳሊቲ ሲመጣ ብዙ ሰው እልል ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል። እባካችሁ ቆዩ። ስዕል መጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ጅማ ዝናቧን ታውቋታላችሁ፣ በጠራ ሰማይ ኳሊቲው 45 ላይ የተተወ ዲሽ ደመናው ሲከብድ ይጠፋል። እኔ ኤልኤንቢውን በጥቂት በጥቂቱ እየጠመዘዝኩ ብቻ ከ40ዎቹ ወደ 70ዎቹ ያወጣሁት ዲሽ አለ፣ ዲሹ ንቅንቅ ሳይል። ብሎን ስታጠብቁም አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ እያፈራረቃችሁ፣ ኳሊቲውን እያያችሁ።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት በዛው ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ ጨምሬ ምስራቅ 52.5 ላይ ያለውን ያህሳት የሚባል ሳተላይት መያዝ ነው። ሳስበው ከጎን ማሰር የሚሆን አይመስለኝም፣ ከጅማ ሲታይ እሱ ከኢትዮሳት በ5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ጥቂት ብቻ ወደ ቀኝ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሁለተኛው ኤልኤንቢ ከመጀመሪያው በታች፣ ትንሽ ወደ ግራ መቀመጥ አለበት። ገበያ ያለው መያዣ ግን ጎን ለጎን ለማሰር የተሰራ ነው፣ እሱን አቁሜ ለማሰር የምትሆን ብረት ብየዳ ቤት አዝዣለሁ። አጋሮም ሆነ በደሌ ወይ እዚሁ ጅማ ይሄን የሰራ ካለ በምን እንዳሰራችሁትና ሁለቱ ኤልኤንቢዎች ምን ያህል እንደተራራቁ ፃፉልኝ፣ ፎቶም ካላችሁ ላኩ።