ፕሮቴስት ሲባል ሰልፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር

ቴክሳስ ቤት በገዛሁ በዓመቱ ከካውንቲው (ከወረዳው በሉት) የቤት ግምት ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ፣ የቤቴን ግምት ሰማይ አድርሰውታል፣ ታክሱ ደሞ የሚሰላው በሱ ነው። ሥራ ቦታ ላንዱ ሳሳየው «ፕሮቴስት ኢት» አለኝ። እኔ በዚህ ቃል የማውቀው መፈክርና ባንዲራ ነው፣ ለቤት ታክስ ደሞ ማን ሰልፍ ይወጣል ብዬ ማታ ከሚስቴ ጋር ስንስቅ አመሸን። ለካ እዛው ደብዳቤው ላይ አለ፣ በግምቱ አልስማማም ብሎ በጽሑፍ ማመልከትም ፕሮቴስት ነው፣ ቀነ ገደቡም አብዛኛውን ጊዜ ሜይ 15 ነው። የግድግዳውን ስንጥቅ ፎቶ አንስቼ፣ ቤቱን ያሻሻጠኝ ልጅ የሰጠኝን የሰፈሩን የሽያጭ ዋጋ ጨምሬ ኦንላይን አስገባሁ፣ ቀነሱልኝ።

ከዛ ወዲህ ቃሏን መከታተል ያዝኩ። ዜና ላይ አንዱ ተከሳሽ «ፕሮቴስትድ ሂዝ ኢኖሰንስ» ይላል፣ እንዴ፣ ሰውዬው ንጹህ መሆኑን ተቃወመ? ለካ «ንጹህ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ» ማለት ነው። ነገሩ ከሥሩ ነው፣ ላቲኑ በአደባባይ መመስከር ማለት ነው። ፕሮቴስታንት የሚለውም ስም የመጣው በፈረንጆቹ 1529 ጀርመን ሽፓየር ላይ ሉተርን የደገፉ መሳፍንትና ከተሞች ትምህርቱን የሚያግደውን የጉባኤ ውሳኔ አንቀበልም ብለው ካስገቡት ጽሑፍ ነው። ጴንጤ ዘመዶቼ «ምስክርነት አለኝ» ሲሉ አሁን ሌላ ነው የሚሰማኝ።

አነባበቡም አሳስቶኛል። ስም ሲሆን ድምፁ «ፕሮ» ላይ ይነሳል፣ ግስ ሲሆን «ቴስት» ላይ፣ እኛ ገና ስንል በማጥበቅና በማላላት በዓሉን ከጊዜው እንደምንለየው በሉት። አሜሪካኖች ደሞ «ፕሮቴስት ዘ ዋር» ብለው ያልፋሉ፣ እንግሊዞቹ ግን መሃል ላይ «አጌንስት» ይጨምራሉ። ከሁሉ የወደድኩት «አንደር ፕሮቴስት» ነው፣ እከፍላለሁ ግን ተስማምቼ እንዳይመስላችሁ እንደማለት።

ጥፋቴ ላንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ትርጉም ሸምድጄ መቀመጤ ነበር፣ አሁን ስልኬ ላይ ከነዓረፍተ ነገሩ ነው የምጽፈው፣ ሲበዛ ያሰለቻል ግን ይያዛል።

ዘንድሮም ደብዳቤው መጥቷል። ሚስቴ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥታ እየሰጠችኝ «ሰልፉ መቼ ነው?» አለችኝ።