50 ኪሎው ሲከብድ

ዓባይ ማዶ በምሠራበት ሳይት ሲሚንቶ በትከሻ ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት ለእኔ ከሥራ አይቆጠርም ነበር። አርባ አምስትን ካለፍኩ ወዲህ ግን ያው 50 ኪሎ ደረጃው መሃል ላይ ጉልበቴን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ቀድሞ የነገረኝ የለም። የገባኝ ልጆቹ «ጋሼ፣ ይተዉት እኔ ላድርሰው» ሲሉኝ ነው።

ቀላሉ ነገር ይህ ነው፦ ሸክሙን ለሁለት በባሬላ መያዝ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከባዱን ከረፋዱ በፊት መጨረስ፣ በጾምም ሽሮና ባቄላ መብላት እንጂ በሻይና በዳቦ አለመዋል።

አንድ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወገቤ ተያዘ። ሐኪሙ «ተኝተህ ክረም» አለኝ። አልሰማሁትም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተራመድኩ ነው የተሻለኝ። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ያንገበገበኝ ወገቤ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። የሕክምና ማስረጃዬን ይዤ ስቀርብ በልጄ ዕድሜ ያለ የቢሮ ሠራተኛ «አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ምን የሕመም ፈቃድ አለህ? ውል ካለህ አሳየኝ» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ፔሮል ላይ ያስፈረመኝ ራሱ ነው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያውን የሕመም ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ይሰጣል። የጽሑፍ ውል ከሌለም በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ወረቀት መስጠት ያለበት አሠሪው ነው፤ አለመስጠቱ መብቴን አያስቀርም። ይህን ለልጁ ባነብለት «እሱ ለቋሚ ነው» ብሎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። አቤት ያልኩበት መሥሪያ ቤት ደግሞ «ተስማሙ» ብሎ መልሶ ላከኝ። ከማን ጋር ነው የምስማማው?

የረዳኝ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ነው። ፔሮሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር፣ ፊርማዬ ከነቀኑ ይታያል። እሱን ሳሳያቸው የተወሰነውን ከፈሉኝ፣ ሙሉውን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። «ከአሠሪ ጋር አትጣላ» የሚሏችሁን አትስሙ፤ በፈረማችሁ ቁጥር ፎቶ አንሱ።

አሁን ቱንቢና ውሃ ልክ ይዤ ግድግዳ አቀናለሁ። ማዕዘኔ ዛሬም አይንጋደድም፣ ወጣቶቹ ያጣመሙትን የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ወደዚህ ሥራ ልዛወር ያልኩት ግን ወገቤ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ እንደ ውለታ ቆጥረው የቀን ክፍያዬን ቀነሱት። ገና ከረጢቱን መሸከም እየቻላችሁ ጠይቁ፣ ያኔ በዋጋ መደራደር ትችላላችሁ።