ለአይጥ ዕጣን ያጨስኩ ዕለት

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ከብት እጠብቃለሁ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ጠባቂ ነኝ፤ ከብቶቹ ግን አይጦች ናቸው።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የትምህርት ተቋም የእንስሳት ቤት ነው የምሠራው። ተማሪዎች የባህል መድኃኒት ቅጠል የሚሞክሩባቸውን ነጭ አይጦች አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ጉዝጓዛቸውን እቀይራለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «እኛ ድመት የምናሳድገው ለምንድን ነው ታዲያ?» ነበር። ፈረንጅ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶ፣ ስም አውጥቶላቸው፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቴሌቪዥን እንደሚያይ ብነግራት አማተበች። ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን ፈረንጆቹም ሳይጠይቁት አይቀሩም፦ «አይሸቱም?»

ይሸታሉ። ልክ እኔ በገባሁ በሁለተኛው ወር እንደሸተቱት ግን ሸትተው አያውቁም።

ዓርብ ዕለት ሰኞ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረኝ። አለቃችን የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ያን ጊዜ ለሥራ ደባርቅ ነበረች። በስልክ «ቤቱን አሳምረህ ጠብቅ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አዲስ ቅጥር ነኝ፤ አሳምር ከተባልኩ አሳምራለሁ። ችግሩ ሰጋቱራ አልቆ ጉዝጓዙ ከተቀየረ ቀናት ሆኖታል። ውሃም በፈረቃ ስለሆነ ያለኝ ሁለት በርሜል ብቻ ነው።

ውሃ ልቆጥብ ብዬ ሽንት የተኛበትን የኬጅ መደብ ሳላለቀልቅ በረኪና ገለበጥኩበት። ሁለት ደቂቃም አልቆየሁ፤ ጉሮሮዬ ታነቀ፣ ዓይኔ ጨሰ። በኮሪደሩ የሚያጸዱት እትዬ ስስል ሰምተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡና በጋውኔ ጎትተው አወጡኝ።

«ምነው ልጄ! በረኪና ከሽንት ጋር ይገናኛል? እኛ ሽንት ቤት ስናጥብ እንኳ አስቀድመን በውሃ እንለቀዋለን እኮ!»

እሳቸው ስሙን አያውቁት ይሆናል እንጂ ነገሩን ያውቁታል። የሽንቱ አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው። ደግነቱ አይጦቹን ወደ ሌላው ክፍል አውጥቻቸው ነበር።

ሰው ከዚህ በኋላ ይማራል ትላላችሁ። እኔ ግን ኬጆቹን አንድ ሳላስቀር በበረኪና ፈትጌ ጨረስኳቸው። አሮጌውን ጉዝጓዝ በሙሉ ጣልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ የማውቀው አናጢ ጋ ሄድኩ። በመላጊያ ሲላግ የሚወጣ ጥቅልል የጥድ ልጣጭ ሁለት ጆንያ ሙሉ በነጻ ሰጠኝ። ስጎዘጉዘው ክፍሉ እንደ አዲስ ቁም ሳጥን ሸተተ። እሑድ ማታ ደግሞ ለማሳረጊያ ዕጣን አጨስኩ። ጎንደር ብርድ ነው፤ ነፋስ እንዳይመታቸው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። በራሴ ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሩን ስከፍት ዕጣኑ፣ ጥዱና በረኪናው እንዳሉ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን ሽንቱ አለ። ወንዶቹ አይጦች ሌሊቱን ሙሉ ኬጁን፣ የውሃውን ጡጦ፣ የሽቦውን ክዳን፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉን ምልክት ሲያደርጉበት አድረዋል። ደግሞ ያስነጥሳሉ። የአይጥ ማስነጠስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክብሪት ሲጫር ዓይነት ነው፤ «ጭክ»። አሥራ ምናምን ሆነው ሲቀባበሉት ግን ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ አፍንጫ ዙሪያ ቀልቷል፤ ደም መስሎኝ እግሬ ተብረከረከ።

እንግዶቹ ገቡ። አንዱ መሀረቡን አወጣ። «በርቱ» ብለውኝ ወጡ። ጎንደር ውስጥ «በርቱ» በዚያ ድምፅ ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ አንዱን ኬጅ ከፈተችና ፊቷን ጉዝጓዙ ላይ እስኪደርስ አጎነበሰች።

«እስኪ አንተም ጎንበስ በል።»

ቆሜ ሳሸት የነበረው ዕጣን ነው። በአይጧ ቁመት ልክ ስጎነበስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሷ ቀንና ሌሊት የምትስበው አየር ይኸው ነው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አዲስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ጉዝጓዙ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ሲለውጡት ነው አፍንጫ የሚሰነጥቀው። እርጥበት፣ ሙቀትና የተዘጋ መስኮት ካገኙ ደግሞ ይፋጠናሉ። ብዙ አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ተሸክመው ይኖራሉ። አሞኒያ ይህን በሽታ እንደሚያብሰው አሜሪካ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ላይ የኔ ዕጣን ተጨመረበት። ዕጣን ለሰው አፍንጫ ነው እንጂ ለአይጥ ሳንባ ጭስ ነው። አፍንጫቸው ላይ ያየሁት ቀይ ነገር ደም አልነበረም። ከዓይናቸው ጀርባ ካለ ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ሲጨነቁ ወይም ሲታመሙ ይበዛል።

«ምልክት ማድረጋቸውስ?» አልኳት።

«አንተ ከሥራ ስትመለስ ቤትህ ውስጥ የራስህ ዕቃ አንድም ባይኖር ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። አይጥ ቤቱን የሚያውቀው በራሱ ጠረን ነው። በተለይ ወንዱ። ሽታውን ሙልጭ አድርገህ ካጠብክበት እንደገና እስኪያሰፍረው እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ጉዝጓዝ ሲቀየር ደረቁን አሮጌ አንድ እፍኝ መልሶ መጨመር ነው። ይህን ስሰማ ከሁሉ የገረመኝ ይኸው ነው፤ እንዳይሸት ከፈለግህ ትንሽ ሽታ ተውለት።

የጥዱ ነገር ግን ዋጋ አስከፈለኝ። የእኛ የሀበሻ ጥድ እዚያ አሜሪካ ለጉዝጓዝ ይጠቀሙበት ከነበረው ቀይ ጥድ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ቬሰል የተባለ ተመራማሪ በእንዲህ ዓይነት እንጨት ልጣጭ ላይ የተቀመጡ አይጦች ጉበታቸው መድኃኒትን ቶሎ ቶሎ እንደሚሰብር አሳይቷል። ያ ደስ የሚል ሽታ ነው ሥራውን የሚሠራው። የቅጠል መድኃኒት ሊሞክር ተዘጋጅቶ የነበረ አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሙከራውን 2 ሳምንት አዘገየ። ያን ሰሞን ሻይ ቤት ስገባ አስቀድሜ እሱ አለመኖሩን አይቼ ነበር የምገባው።

በማግሥቱ ከአለቃዬ ጋር ኬጆቹን አንድ በአንድ አየናቸው። የሽታው ዋና ምንጭ የት ተገኘ መሰላችሁ? ሦስት የውሃ ጡጦዎች ያንጠባጥባሉ። ጠብታ በጠብታ ጉዝጓዙን ሲያርሱት ከርመዋል፤ እኔ የአይጦቹ ሽንት መስሎኝ እነሱን ስረግም ነበር። ጎማቸውን ቀየርን። የኬጁ ጥግ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ቂጥ የጋገረ ነጭ ቢጫ ነገር ነበር፤ በበረኪና ስፈትገው ንቅንቅ ያላለ። እሷ አቼቶ በውሃ በጥብጣ አፈሰሰችበትና ትንሽ ቆይታ በጨርቅ ስትጠርገው ተነሳ። ከዚያ በደንብ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። በረኪናና አቼቶ ግን አንድ ላይ አይነኩም፤ ያም ሌላ መርዝ ጋዝ ነው። በኔ መጠን አዋቂ ለሆነ ሰው ነው የምናገረው።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚሸኑበትን እርጥብ ጥግ ብቻ አንስቼ በደረቅ እተካለሁ። አቧራው የተነፋለት፣ ጥድ የሌለበት ልጣጭ ነው የምጠቀመው። ሙሉ ቅየራው በሳምንት ሁለቴ ነው። የላይኛው መስኮት ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታቸው ኬጆቹን ወደ ጎን አዙረናቸዋል። የተጨናነቁትንም ከፈልናቸው።

ሁለቱን የጥድ ጆንያ እትዬ ለምድጃ ማቀጣጠያ ወሰዷቸው። እንጀራቸው ጥሩ እንደወጣ ነግረውኛል። አሁንም ጠዋት በበራችን ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

«ዛሬስ ዕጣን የለም?»

«የለም እትዬ።»

ብቅ ብለው ያሸቱና መጥረጊያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።